«የልጆች መጽሐፍ ነው» ማለት መልስ አይሆንም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። ለእኔም ደርሶኛል፣ ያውም ከአራት የተለያዩ ሰዎች። በመጽሐፍ መደብር ውስጥ ስለሚጀመር ፍቅር የሚተርከውን አዲሱን የወጣቶች ልብ ወለድ አንብበን «ቅር አለን» ላልን አንባቢዎች የተሰጠ መልስ ነው። ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው፣ ይነበባል፣ አንዳንድ ቦታም ልክ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ስህተት ይመስለኛል። ልብ ወለዱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ «ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ» ብዬ እርሳስ ይዤ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት ታሪኩ ይህን ይመስላል። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አለች። አያቷ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ትንሽ መደብር አላቸው፣ መደብሩም ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ፊት ለፊቱ ትልቅ ዘመናዊ መጽሐፍ መደብር ሊከፈት ነው። የትልቁ መደብር ባለቤት ልጅ አንድ ቀን ዝናብ ሸሽቶ ወደ ትንሹ መደብር ይገባና ከልጅቷ ጋር ይጣላሉ። ከዚያ ረስታው የሄደችውን ማስታወሻ ደብተር ያገኛል፣ ያነበዋል፣ እዚያ ባገኘው ነገር ልቧን ያሸንፋል። መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል፣ ትቆጣለች፣ ይታረቃሉ፣ መደብሩም በአንድ የግጥም ምሽት ከዕዳ ነፃ ይሆናል።

የዚያ መልስ ጸሐፊ የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሰዎች መጽሐፉን የሚያጣጥሉት የፍቅር ታሪክ ስለሆነና አንባቢዎቹም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ስለሆኑ ነው ይላሉ። ለ15 ዓመት ልጅ የተጻፈን ነገር በትልቅ ሰው ሚዛን መመዘን አግባብ አይደለም። መጨረሻው ገና ከጅምሩ ይታወቃል የሚለው ቅሬታም አያስኬድም፣ የፍቅር ልብ ወለድ ለአንባቢው የሚገባው ቃል እሱ ነውና። መደብሩ ድባብ ለመፍጠር የገባ ነው፣ ስለ መጽሐፍ ንግድ ለመማር የፍቅር ታሪክ የሚያነብ የለም። ማስታወሻ ደብተሩን ማንበቡ ደግሞ የፍቅር እብደት ነው፣ ታላላቆቹ የፍቅር ልብ ወለዶችም እሺ እስኪባሉ ድረስ በማይታክቱ ወንዶች የተሞሉ ናቸው፣ ለምሳሌ የጄን ኦስተኑ ሚስተር ዳርሲ። በዚያ ላይ ወጣቶች መጽሐፍ ማንሳት በጀመሩበት ሰዓት እንዲህ ያለ ሂስ ከንባብ ያርቃቸዋል ይላሉ።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ብዙ አንለያይም። ንቀቱ አለ። ገዳዩ መጨረሻ ላይ ይያዛል ብሎ በወንጀል ልብ ወለድ ላይ የሚያፌዝ ሰው አላጋጠመኝም። ሁለት ሰዎች መጨረሻ ላይ ይዋደዳሉ ሲባል ግን ሁሉም ይስቃል። ሴት ልጅ የምትወደውን ነገር ሁሉ ማቃለል ልማድ ሆኗል፣ ጸሐፊው ይህን በማንሳታቸው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ንቀት አለ ማለት እያንዳንዱ ቅሬታ ንቀት ነው ማለት አይደለም። እኔ የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ የጀመርኩት በ13 ዓመቴ ነው፣ አላቆምኩም። ይህን መጽሐፍ የመዘንኩት እንደሱ ካሉ መጻሕፍት ጋር ነው። የሚንቅ ሰው «ከፍቅር ልብ ወለድ ደግሞ ምን ይጠበቃል» ብሎ ያልፋል። እኔ ብዙ ጠብቄ ነው የከፋኝ።

«ለ15 ዓመት ልጅ ነው» የሚለው ነገር ግን ያናድደኛል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለውን የወጣቶች ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነው። የጻፈችበት ምክንያት ደግሞ በጊዜው ለወጣቶች ይቀርብ የነበረው ታሪክ እሷና ጓደኞቿ የሚኖሩትን ሕይወት ስላልመሰላት ነው። እንግዲህ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው የውሸት ነገር ሲቀርብለት ያውቃል፣ አንዳንዱማ ብዕር አንስቶ የተሻለውን ይጽፋል።

ቋንቋው ቀላል ነው ብሎ የተቸ ሰው ካለ እኔ አብሬው የለሁም። ቋንቋው ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ምልልሱ ላይ ነው። የተናጋሪውን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡት፣ አያትየው ይሁኑ፣ ልጁ ይሁን፣ የባንክ ሠራተኛው ይሁን አይለይም። ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት፣ ሁሉም በየሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ ሕይወት አንድ ጥቅስ የሚሆን ነገር ይወረውራሉ። ይህ ከአንባቢው ዕድሜ ጋር የሚገናኝ ነገር አይደለም።

ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። መጽሐፉን ከእኔ ቀድማ አንብባዋለች፣ ወድዳዋለችም፣ ይህን አልደብቅም። ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ ልጅቷ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የምትወደው?» መልስ አልነበረኝም። ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት እሱን ፍለጋ ነው ብል ይሻላል። የለም። በመጻሕፍት መሀል ያደገች ልጅ ናት፣ «መጽሐፍ እወዳለሁ» ትላለች፣ ግን ደጋግማ ያነበበችው፣ ያስለቀሳት፣ ወይም ጠልታ ወዲያ የወረወረችው አንድ መጽሐፍ እንኳ በታሪኩ ውስጥ የለም። ይህን ያየችው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ታዲያ ልጆች ይህን አያዩም የምንለው ምን ይዘን ነው?

ስለ መጨረሻው ብዙ አልልም፣ ጸሐፊው በመሠረቱ ልክ ናቸው። በደስታ የሚያልቅ ታሪክ እወዳለሁ። ሁለቱ እንደሚዋደዱ እያወቅኩ ነው የማነበው፣ የማላውቀው እንዴት እንደሚደርሱበት ነው፣ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። «የፍቅር ታሪክ ካልተሟላ አንባቢ ይቀየማል» የሚለው ነገር እውነት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ዩ ሃቭ ጎት ሜይል» የተባለው ፊልም ከዚህ ልብ ወለድ ጋር ተመሳሳይ መነሻ አለው፣ ትንሽ መጽሐፍ መደብር ያላት ሴትና የትልቁ መደብር ባለቤት። እዚያ ትንሹ መደብር ይዘጋል። አይድንም። ባዶ መደርደሪያዎቹን አይታ መብራት አጥፍታ ትወጣለች፣ ሰው ግን ይህን ፊልም እስከ ዛሬ ይወደዋል። ከወጣቶች ልብ ወለድ ቀዳሚዎች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠረው የሞሪን ዴሊ «ሰቨንቲንዝ ሰመር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመ ነው፣ እዚያም ክረምቱ ሲያልቅ ልጅቷና ልጁ ይለያያሉ። አንባቢ አልሸሸም። የሚጠፋ ነገር ሲኖር የሚተርፈው ነገር ይበልጥ ውድ ይሆናል። በእኛ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ማንም ምንም አያጣም።

አሁን ወደ መደብሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ቅር ያለኝ እዚህ ነው። ጸሐፊው «ድባብ ነው» ይላሉ። እኔ ለሁለት ዓመት ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ በጥቂቱ አውቃለሁ። የሟች አባቱን መጻሕፍት በካርቶን ይዞ መጥቶ፣ ዋጋ ተነጋግረን ከተስማማን በኋላ፣ አንዱን መልሶ ከካርቶኑ አውጥቶ ብብቱ ሥር ሸጉጦ የሚሄድ ሰው አለ። «ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ደራሲውን ረሳሁት» ብሎ የሚመጣ አለ፣ ከእሱ ጋር ግማሽ ሰዓት መፈለግ አለ። በመጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለማትረሳኝ» ተብሎ የተጻፈበት ስጦታ ለሽያጭ ሲመጣ ታያላችሁ፣ ምን ሆነው ይሆን ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ታስባላችሁ። ደረሰኝ፣ የደረቀ አበባ፣ ፎቶ ከገጾች መሀል ይወጣል። በቀን ሦስቴ ከመደርደሪያው አንስቶ እያነበበ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ ግን የማይገዛ ተማሪ አለ፣ የቆመበትን ገጽ ስለምታውቁት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ከኋላ ትደብቁለታላችሁ። ይህ ሁሉ ለፍቅር ታሪክ የተሰናዳ ነው። ሁለት ወጣቶች እዚህ መሀል ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ለማወቅ ምን ያህል በር ይከፈትላቸው ነበር!

ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው የአሮጌ ወረቀት ሽታ፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃንና አንዲት ድመት ነው። ድመቷን ወድጃታለሁ። ግን ልጅቷ ስትሠራ አትታይም። መደርደሪያ ታብሳለች፣ የመጻሕፍቱን ጀርባ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ትተክዛለች። መደብሩን አንስታችሁ የአበባ መሸጫ ብታደርጉት ከታሪኩ የሚቀየር ነገር የለም።

ጸሐፊው ስለ ንግዱ ዝርዝር ማን ግድ አለው ላሉት፣ ግድ የሚለኝ ለንግዱ ብዬ አይደለም። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ አንድ መደብር ከአሳታሚ አዲስ መጽሐፍ ሲወስድ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ አካባቢ ይቀነስለታል፣ ኪራይ፣ ደሞዝ፣ መብራት ሁሉ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ ደግሞ በርካሽ ቢገዛም አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፣ ገዢውን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሥራ ለዓመታት የተከማቸ ዕዳ በአንድ የግጥም ምሽት አይከፈልም። ይህን የማያውቅ አንባቢ እንኳ አንድ ነገር ይሰማዋል፣ ችግሩ ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ልጅቷ ከ200 ገጽ በላይ ለምን ስትሰቃይ ከረመች? አያትየው ሌሊት ሌሊት ሒሳብ ሲደምሩ የምናይበት ጥሩ ምዕራፍ ነበር፣ መጨረሻው ያንን ምዕራፍ ዋጋ አሳጣው።

በመጽሐፍ አማካይነት ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚቀራረቡ ማሳየት ይቻላል ወይ ለሚል፣ «84 ቻሪንግ ክሮስ ሮድ» የተባለው መጽሐፍ አለ። ልብ ወለድ አይደለም፣ የፍቅር ታሪክም አይባልም። ኒው ዮርክ የምትኖረው ሄሊን ሃንፍና ለንደን መጽሐፍ መደብር የሚሠራው ፍራንክ ዶል እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል የተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። መነሻው የመጽሐፍ ትእዛዝ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1968 እስኪሞት አንድ ቀን በአካል አልተገናኙም። አንባቢው ግን ሁለቱንም ያውቃቸዋል፣ ምክንያቱም እሷ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደምትፈልግ፣ የትኛው ትርጉም እንደሚያበሳጫት፣ እሱም እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኝላት እናያለን። መሳሳም ቀርቶ መተያየት ሳይኖር ያ ሁሉ ቅርበት ተፈጠረ። እዚህ ልብ ወለድ ላይ ሦስት መሳሳም አለ፣ ልጁ ከልጅቷ እጅ ተቀብሎ ያነበበው መጽሐፍ ግን የለም።

ፓሪስ ያለው «ሼክስፒር ኤንድ ካምፓኒ» ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። ጆርጅ ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1951 የከፈተው መደብር ነው፣ ስሙን ያገኘው በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ወጣቶችን በመደርደሪያዎቹ መሀል ሲያሳድር ኖሯል። በምላሹ የሚጠየቁት በሥራ እንዲያግዙ፣ በቀን አንድ መጽሐፍ እንዲያነቡና የሕይወት ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲተዉ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የኛ ልጅ ከሌላ ሰው ማስታወሻ ደብተር ጋር ያደረገው ነገር ይበልጥ ይከነክነኛል። እዚያ ገጹ የሚሰጠው በፈቃድ ነው። ባለቤቱ ስለራሱ መናገር የሚፈልገውን መርጦ ይጽፋል፣ ያስረክባል።

ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጸሐፊው በጣም ነው የተሳሳቱት። በመጽሐፉ ውስጥ የሆነውን እናስታውስ። ልጁ ደብተሩን አንድ ቀን አግኝቶ ከፈት አድርጎ አልዘጋውም። ሦስት ሳምንት ይዞታል። እናቷ ስለሞተችበት ቀን የጻፈችውን ያነባል። የምትፈራውን ነገር ያነባል። የምትወደውን ግጥም በቃሉ ያጠናና ልክ በአጋጣሚ እንደመጣለት አድርጎ ፊቷ ይለዋል። እሷም «ይህ ሰው ሳልነግረው ያውቀኛል» ትላለች። እውነትም ሳትነግረው ነው ያወቃት። ግን የሰማችው የራሷን ቃል ነው። የእሱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቀችም፣ እኛም አላወቅንም። ስለ እሱ የማውቀው ዓይኑ ቡናማ መሆኑንና አባቱ እንደማይረዱት ብቻ ነው።

እውነቱ ሲወጣ የምትቆጣው ሦስት ገጽ ያህል ነው። ልጁ ዝናብ ውስጥ ይቆማል፣ አያትየው «ሰው ለፍቅር ሲል ይሳሳታል» ይሏታል፣ እሷ ሄዳ ታቅፈዋለች፣ ጭራሽ «ስለጮህኩብህ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ።

አሁን ወደ ዳርሲ። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ባያነሱት ይሻላቸው ነበር፣ ምክንያቱም ዳርሲ ያለበት የኦስተን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ዳርሲ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኤልዛቤትን ለጋብቻ ሲጠይቃት አልፈልግም ትለዋለች፣ ለምን እንደማትፈልግም ትነግረዋለች። እሱ ምን አደረገ? ለከሰሰችው ነገር መልስ የሚሆን አንድ ደብዳቤ በእጇ ሰጥቷት ሄደ። ሄደ! ደጇ ላይ አልቆመም፣ አልተከታተላትም። ደብዳቤው ደግሞ ስለ ራሱ ነው፣ የቤተሰቡን ምስጢር ሳይቀር የነገራት እሱ ነው። በኋላ ዳግም ሲጠይቃትም ስሜቷ ያው ከሆነ አንድ ቃል ብቻ እንድትናገርና ነገሩን ለዘላለም እንደማያነሳው ነው የሚነግራት። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። ከ200 ዓመት በፊት የተጻፈ ልብ ወለድ አንዲት ሴት እምቢ ስትል መስማት ምን እንደሚመስል ካሳየ፣ የዛሬው አቃተው ብሎ መከራከር ለአዲሱ ልብ ወለድ ደራሲም ውለታ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እቀበላለሁ። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይ ጻድቅ ይሁን አላልኩም። ልጁ ደብተሩን ቢያነብም ግሩም ታሪክ ሊወጣው ይችል ነበር፣ መጽሐፉ ነገሩን እንደ ጥፋት ቢያየው። ለምሳሌ አንብቦ ቢጨርስና በማግስቱ ቢነግራት፣ እሷም ለመቶ ገጽ ባታናግረው፣ ከዚያ እሱ የራሱን የሆነ ነገር አውጥቶ መስጠት ግድ ቢሆንበት። ሁለተኛ፣ ከላይ ያነሳሁት ፊልም ላይም ሰውየው በኢሜይል የምትጻጻፈው ሴት ማን እንደሆነች ቀድሞ ያውቅና ለረጅም ጊዜ ይደብቃታል። ያም ዛሬ ሳየው ይጎረብጠኛል። የተወደደ ሥራ ስለሆነ አላልፈውም።

ጸሐፊው «ልጆች ልብ ወለድና እውነት ይለያሉ» ይላሉ። ይለያሉ፣ አዎ። ግን እኛ ስለ ፍቅር የመጀመሪያውን ነገር ያወቅነው ከየት ነው? እኔ በ14 ዓመቴ፣ ማንም ሰው ስለ እኔ ምንም ሳይጠይቀኝ በፊት፣ መፈቀር ምን እንደሚመስል የሳልኩት ካነበብኳቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ይህን አንብባ፣ ወደፊት ስልኳን ከፍቶ መልእክቷን የሚያነብ ሰው ሲያጋጥማት «ስለሚወደኝ ነው» ብትልስ ብዬ ብሰጋ ሰዎች ለምን እንደሚገረሙ አይገባኝም።

ሂስ ከንባብ ያርቃል ስለሚለው፣ ማንም ወጣት «ይህን በማንበብህ እፈር» ሊባል አይገባም። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ጸሐፊው የተቆጡት በእነሱ ከሆነ አብሬያቸው እቆጣለሁ። እኔም ያደግኩት ዛሬ ብከፍታቸው ከአሥር ገጽ በላይ የማልዘልቃቸውን መጻሕፍት እያነበብኩ ነው፣ አንዳቸውንም አልጸጸትባቸውም። ነገር ግን መጽሐፍን ከልብ መተቸትና አንባቢን ማሸማቀቅ ይለያያሉ። እህቴ ያንን ጥያቄ ከጠየቀችኝ በኋላ መጽሐፉን መልሳ ከፈተችው። ከዚያ ዳርሲ ማን ነው አለች፣ አሁን እሱ ጋ ደርሳለች፣ ገና ግማሹ ላይ ናት፣ እስካሁን ትጠላዋለች።

ደራሲዋ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ ተሰጥኦ እንዳላት ደግሞ አልጠራጠርም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ አዲስ የመጣ ካርቶን ስትፈታ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ቀለሙ የደበዘዘ ወረቀት ታገኛለች። «ነገ ካልመጣህ ይገባኛል» ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም። አጣጥፋ ኪሷ ትከተዋለች። ያ አንድ ገጽ ከቀረው መጽሐፍ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ አንድም ጊዜ አይነሳም፣ ደራሲዋ ረስታዋለች። እኔና እህቴ ግን አልረሳነውም። እሷ የጻፉት አያትየው ናቸው ትላለች፣ በወጣትነታቸው። እኔ ደግሞ ካርቶኑ የመጣው ከሌላ ሰው ቤት ነው፣ አያትየው ሊሆኑ አይችሉም እላለሁ። ትናንት ማታም በዚሁ ስንከራከር አመሸን።